«ከሶፋ ነው የወደቀችው»፦ ከትንሽ አወዳደቅ በኋላ ስትሮክ ስለያዛት ሕፃን

እናትየው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በሁለት ቀን ውስጥ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ተናግራታለች፤ ለክሊኒኩ ሐኪም፣ ለድንገተኛ ክፍሉ ነርስ፣ ለእኔ፣ ለተረኛው የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ፣ ከዚያም እንደገና ለእኔ። «ከሶፋ ነው የወደቀችው።» መጀመሪያ የሰሟት «ከሶፋ ከሆነማ ምንም አትሆንም» ብለው አጽናኗት። በኋላ የሰማናት ደግሞ «ከሶፋ ወድቃማ እንዲህ አትሆንም» ብለን ጠረጠርናት። የእሷ ቃል አልተለወጠም። የተገለባበጥነው እኛ ነን።

የሕፃናት ሐኪም ነኝ። የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ ጉዳዩን ለማቅረብ ካዘጋጀሁት ማስታወሻ ተነሥቼ ነው። የቤተሰቡን ማንነት ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ ትቻለሁ።

አወዳደቁ

ሕፃኗ የ13 ወር ልጅ ናት። በጊዜዋ የተወለደች፣ ክትባቷ የተሟላ፣ ከጉንፋን በቀር የረባ ሕመም የማታውቅ፣ ወፌ ቆመች ከተባለላት ሁለት ወር የሆናት፣ ጥቂት እርምጃ ድክ ድክ ብላ ቁጭ የምትል። በዚያ ምሽት ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ሶፋ ላይ ቆማ ትጫወት ነበር። ከሶፋው መቀመጫ እስከ ወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወለሉም ምንጣፍ አለው። ወደ ኋላ ተንሸራታ በጭንቅላቷ ጎን አረፈች። ወዲያው አለቀሰች፤ እናቷ አንሥታ አባበለቻት፤ ጡት ጠባች፤ ዝም አለች። ራሷን አልሳተችም፣ አላስመለሳትም፣ አላንቀጠቀጣትም። በጭንቅላት ጉዳት መመዘኛዎቻችን ብትለካ ሐሳብ የማይጣልባት ልጅ ነበረች።

20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ የ6 ዓመት ወንድሟ ኳስ ሲያቀብላት በግራ እጇ ብቻ ተቀበለችው። ከቀኝ በኩል ሲሰጣት ግራ እጇን አዙራ አመጣች። ልጁ እናቱን ጠርቶ «እጇ ተኛ» አላት። በዚህ ጉዳይ ሁላችንም ከተናገርነው ውስጥ ከሁሉ የቀደመውና ለእውነቱ የቀረበው ምርመራ የእሱ ነበር።

በአቅራቢያቸው ያለ ክሊኒክ ይዘዋት ሄዱ። ሐኪሙ የወደቀች ልጅና የማይንቀሳቀስ ክንድ አየ፤ ሁለቱን አገናኘና ክርኗ ወልቋል ብሎ አሰበ። በዚህ ዕድሜ ክርን ቶሎ ይወልቃል፣ ቶሎም ይመለሳል። ክንዷን ጠመዘዘ፣ ራጅ አስነሣ፤ አጥንቷ ደህና ነበር። የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ተሰጥቷት ወደ ቤት ተመለሰች። በማግስቱ ጠዋት ስታስቀምጣት ወደ ቀኝ ተደፋች። ሲነጋ ስታለቅስም አፏ ተጣመመ። እኛ ዘንድ የደረሰችው ከወደቀች ከ17 ሰዓት በኋላ ነው።

ያንን ሐኪም ለመውቀስ አልተጻፈም ይህ። እኔም መጀመሪያ የዳሰስኩት ትከሻዋን ነው። ከትከሻ ወደ አንገት የሚሄደውን አጥንት፣ ክርኗን፣ አንጓዋን በየተራ ተጫንኩ። ሕፃኗ አላለቀሰችም። ዓይኗን የማዳመጫዬ ጫፍ ላይ ተክላ በግራ እጇ ልትነጥቀኝ ትታገላለች። የነቃሁት ያኔ ነው።

የሚያም ክንድና የደከመ ክንድ አንድ አይደሉም። ክንዱን የሚያመው ሕፃን ክንዱን ይጠብቀዋል፤ ከሆዱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፣ ሊነኩት ሲሉ ገና ከሩቅ ይጮኻል። ክንዱ ኃይል ያጣበት ሕፃን ግን ይረሳዋል። የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጎኑ ላይ ይተወዋል፤ ሲገለበጥ ከሥሩ ቢቀር ግድ የለውም፤ ቢነካበት አይከፋም። ይህን ለማየት ራጅም ኤምአርአይም አያስፈልግም፤ ልጁን ሁለት ደቂቃ ያህል ሳይነኩ መመልከት ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ግን በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ውድ ነው፤ እኛም ቶሎ የመንካት ልማድ አለብን።

ከብብቷ ይዤ ሳቆማት ግራ እግሯን ተከለች፤ ቀኙ ተንጠለጠለ። ስታለቅስ አፏ ወደ ግራ ተጎተተ፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ግን በደንብ ይከደናሉ። ዓይን እየተከደነ አፍ ብቻ ሲጣመም ጉዳቱ ከፊት ነርቭ በላይ፣ አንጎል ውስጥ ነው ማለት ነው። ርግብግቢቷ አልተወጠረም፣ ትኩሳት የላትም፣ ንቁ ናት። የቀኝ ጎኗ በሙሉ፣ ፊት፣ ክንድና እግር፣ በአንድ ጊዜ ደክሟል። ክርን ይህን አያደርግም።

ነጫጭ ነጥቦች

ሲቲ ስካን በአስቸኳይ ተነሣች። የፈራነው ከራስ ቅል ሥር የሚጠራቀም ደም ነበር፤ እሱ አልተገኘም። የራስ ቅሏም አልተሰነጠቀም። በግራው የአንጎል ክፍል፣ ቤዛል ጋንግሊያ በሚባለው ጥልቅ ስፍራ፣ ጠቆር ያለ አካባቢና በውስጡ ሁለት ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። የመጀመሪያው ንባብ «በአደጋ የመጣ ጥቃቅን የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር።

ያ ቃል ክፍሉን ለወጠው። 45 ሴንቲ ሜትር ወድቃ አንጎሏ ጥልቅ ውስጥ የደማ ሕፃን ካለች የተነገረን ታሪክ ልክ አይደለም ማለት ነው። ሕፃናትን የሚጎዳ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ታሪኩ ከጉዳቱ ጋር አለመመጣጠኑ ደግሞ የመጀመሪያው ምልክት እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚጠይቀውን አደረግን። የአጥንቶቿ ሁሉ ራጅ ተነሣ። የዓይን ሐኪም ሬቲናዋን፣ የዓይኗን የውስጥ ሽፋን፣ ደም ፈስሶበት እንደሆነ ለማየት መረመረ። ሰውነቷን ከጆሮዋ ጀርባ እስከ እግር ጣቶቿ መሃል ፈተሽን። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ እናትን፣ አባትንና ወንድምን ለየብቻ አነጋገረች። ከተሰበረ አጥንት፣ ከደማ ሬቲና፣ ከበለዘ ቆዳ ምንም አልተገኘም። ልጁም ለባለሙያዋ ያንኑ ደገመላት፤ ወደቀች፣ አለቀሰች፣ ጠባች፣ ኳስ ሰጠኋት፣ እጇ ተኛ።

ይህን ምርመራ በማድረጋችን አልጸጸትም፤ ነገም ብትመጣ አደርገዋለሁ። የምጸጸተው በአኳኋኔ ነው። «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ፣ ከየት ነበር የወደቀችው?» ብዬ ስጠይቃት ድምፄ ውስጥ የነበረውን ነገር እናትየው ሰምታዋለች። መልስ ከመስጠቷ በፊት ልጇን ወደ ደረቷ ጠበቅ አደረገቻት።

ነገሩን የፈታችው ከሰዓት በኋላ ሥራ የገባችው ከፍተኛ የራዲዮሎጂ ሐኪም ናት። ሥዕሉን እንደመጣ አልተቀበለችውም። ሲቲ ስካን አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው አግድም ቁርጦች ነው የሚታየው፤ ከቁርጡ ያነሰ ነገር በመሃል ይሰወራል ወይም ተራ ነጥብ ይመስላል። እሷ ጥሬውን መረጃ በቀጫጭኑ እንደገና አሠርታ ከፊት ለፊትና ከጎን በሚታይበት አቅጣጫ አዞረችው። ነጥቦቹ መስመር ሆኑ፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጡ፣ ቀጫጭን፣ በትንሹ ጎበጥ ያሉ መስመሮች። በግራ ብቻም አይደለም፤ በደህናው በቀኝ በኩልም አሉ።

የነጣውን ነገር እፍጋት ለካች። ትኩስ ደም በሲቲ መለኪያ ከ100 በታች ነው የሚሆነው፤ ይህ ከዚያ በላይ ነው። ካልሲየም ነው፤ ደም አይደለም። ካልሲየም ደግሞ በአንድ ሌሊት አይጠራቀምም። ሕፃኗ ሶፋው ላይ ከመውጣቷ ከረጅም ጊዜ በፊት፣ በሁለቱም በኩል፣ በደም ሥሮቿ ግድግዳ ላይ ነበረ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሰዎች ለአፍታ ዝም አልን።

በማግስቱ በማደንዘዣ ኤምአርአይ ተነሣች። የውኃ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ በሚያሳየው ሥዕል ላይ ከቤዛል ጋንግሊያ ክፍሎች የግራው ፑታሜን፣ የኮዴት አካልና በመካከላቸው የሚያልፈው የውስጥ ካፕሱል ቦግ ብለው በሩ። ይህ የደም ዝውውር ተቋርጦበት በቅርብ የተጎዳ የአንጎል ሥጋ ምልክት ነው። የውስጥ ካፕሱል ደግሞ ከአንጎል ቅርፊት ወደ ጡንቻ የሚወርዱት የትእዛዝ ክሮች ሁሉ የሚጨናነቁበት ጠባብ በር ነው። እዚያ የደረሰ እንደ አተር ያለ ጉዳት ግማሽ ሰውነትን የሚያደክመው ለዚህ ነው። ትልልቆቹ የአንጎልና የአንገት ደም ሥሮች ደህና ነበሩ፤ አንገቷ ላይ የተሰነጠቀ ደም ቅዳ አልነበረም።

ስትሮክ ነው። ለአባትየው ስነግረው ተቆጣ ማለት ይቻላል። «ዶክተር፣ ስትሮክ የአዛውንት በሽታ አይደለም እንዴ?»

ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች

መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ገና ከሥሩ ሳይርቅ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ ቅርንጫፎችን ያወጣል። ሌንቲኩሎስትራየት ይባላሉ። ውፍረታቸው ከሚሊ ሜትር በታች ነው። በከፍተኛ የደም ግፊት የሚሠቃይ አዋቂ አንጎሉ ውስጥ ደም ሲፈስሰው ብዙ ጊዜ የሚፈነዱት እነዚሁ ናቸው፤ ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመካከላቸው አንዱን የአንጎል ደም መፍሰስ ደም ቅዳ ብሎ ሰይሞት ነበር። የሕፃናቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ አይፈነዱም፣ ይዘጋሉ። ሲዘጉም ተለዋጭ መንገድ የለም፤ የሚያጠጡትን ሥጋ ሌላ የሚያጠጣው የለም።

የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ትልቅ ነው፤ አንጎሉ ለስላሳና ውኃ የበዛበት ነው፤ በአንጎሉና በራስ ቅሉ መካከል ያለው ክፍተትም ሰፋ ይላል። ጭንቅላቱ ሲመታ አንጎሉ ከአዋቂ ይልቅ ይወዛወዛል። ግንዱ ደም ቅዳ ከታች ተይዞ ሥጋው ሲንቀሳቀስ በመሃል ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይለጠጣሉ። ጤነኛ ሥር ተለጥጦ ይመለሳል። በካልሲየም ማዕድን የደደረ ሥር ግን እንደ ደረቀ ላስቲክ ነው፤ የውስጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል ወይም ሥሩ ይኮማተራል፣ በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፣ ቧንቧው ይዘጋል። ደሙ እስኪረጋ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። ሕፃኗ አልቅሳ፣ ጠብታ፣ ተጫውታ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያቃታት ለዚህ ነው። ሐኪምን የሚያሳስተውም ይኸው የደህንነት ጊዜ ነው።

ሕፃናት ከትንሽ አወዳደቅ በኋላ በቤዛል ጋንግሊያ ስትሮክ እንደሚያዙ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በየቦታው ይዘገብ ነበር፤ የማዕድኑ ነገር ግን በወፍራሞቹ ቁርጦች መሃል ተሰውሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሕንድ ሃይደራባድ የሚሠሩ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በአንድነት አቅርበው የደም ሥሮቹን መደደር ከስትሮኩ ጋር በግልጽ አያያዙት። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ዘገባዎች ወጥተዋል። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ዕድሜያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 24 ወር፣ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር በታች የሆነ አወዳደቅ፣ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የሚመጣ የአንድ ጎን ድካም፣ ጤነኛ ትልልቅ ደም ሥሮች። የማዕድኑ መነሻ ገና አልተረጋገጠም። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን የመሳሰሉ ኢንፌክሽኖች ይጠረጠራሉ፤ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ግን ሲፈለጉ አይገኙም። በእኛዋም አልተገኘም።

የዕድሜው ነገር ያስገርመኝ ነበር፤ በኋላ ግን ተገለጠልኝ። 6 ወር ገደማ ሕፃን መገልበጥና መቀመጥ ይጀምራል፤ እስከ 24 ወር ድረስ የሚሠራው ዋና ሥራ መውደቅ ነው።

ምርመራውን በዚህ አላቆምንም፤ ካልሲየም አየን ብሎ ሌላውን መተው ሌላ ስህተት ይሆን ነበር። የልብ አልትራሳውንዷ ደህና ነው። የደም መርጋት ምርመራዎቿ፣ ሆሞሲስቴይኗ፣ ላክቴቷ ደህና ናቸው። በደሟ ያለው ካልሲየም፣ ፎስፌትና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ደህና ናቸው፤ አንጎል ውስጥ ካልሲየም ለተገኘበት ልጅ እነዚህ መለካት አለባቸው። ኩፍኝም ጉድፍም አልያዛትም ነበር። የተዛባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሄሞግሎቢኗ 8.9፣ የብረት ክምችቷን የሚያሳየው ፌሪቲኗ 6፤ ሁለቱም ዝቅ ያሉ። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ነው፤ በዚያ ላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌቷ ከፍ ብሏል።

ይህን ቁጥር ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። የብረት እጥረት ደምን ለመርጋት እንደሚያዘጋጀው፣ ፕሌትሌትንም እንደሚያበዛ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የካናዳ ጥናት ቀድሞ ጤነኛ የነበሩ፣ ስትሮክ የያዛቸው ትንንሽ ልጆች ስትሮክ ካልያዛቸው ጤነኛ ልጆች ይልቅ በብረት እጥረት ደም ማነስ የመያዝ ዕድላቸው 10 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስቱ፣ ማለትም ከደደረው ሥር፣ ከወደቀችበት ቅጽበትና ከደም ማነሱ፣ በሽሮፕ የሚድን አንዱ ብቻ ነው። ማንም ለክቶት አያውቅም ነበር።

ሕክምናውና የግራ እጅ ጓንቲ

የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ለምን አልሰጣችሁም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። 17 ሰዓት አልፏል፤ ጭንቅላቷ ተመትቷል፤ መድኃኒቱ ለዚህ ዕድሜ በበቂ አልተፈተነም፤ የተዘጋው ሥር ደግሞ ቀጭን ሽቦ አስገብተው የሚከፍቱት ዓይነት አይደለም። የሰጠናት አስፕሪን ነው፤ የደም መፍሰስ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ በኪሎ 4 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ። ለወላጆቿ አንድ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጠን፤ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ከመሰለ ሕመም ጋር ትኩሳት ከያዛት አስፕሪኑን አቁመው ይደውሉልን። በዚያ ጊዜ መውሰዱ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃውን ሬይ ሲንድሮም ሊያስከትል ይችላልና። ብረት በሽሮፕ ጀመርን፤ ብረት ያለው ተጨማሪ ምግብም እንዴት እንደሚጨመር ከእናቷ ጋር ተነጋገርን።

በ6ኛው ቀን የቀኝ ጣቶቿ በራሳቸው መጠማዘዝ ጀመሩ። ቤተሰቡ ሁለተኛ ስትሮክ መጣ ብሎ ደነገጠ። ዲስቶኒያ፣ ማለትም ጡንቻ ሳይታዘዝ የሚኮማተርበት ሁኔታ ነው፤ ቤዛል ጋንግሊያ የተጎዳበት ልጅ ኃይሉ መመለስ ሲጀምር አንዳንድ ጊዜ ይህ ይከተላል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ መድኃኒት ረገበ።

ፊዚዮቴራፒው ከሁሉ የሚያስቀው ክፍል ነበር። ዘዴው ደህናውን እጅ በለስላሳ ጓንቲ ሸፍኖ ደካማው እንዲሠራ ማስገደድ ነው። ሕፃኗ ይህን እንደ ታላቅ በደል ቆጠረችው። ጓንቲውን በጥርሷ ጎትታ ታወልቃለች፤ ሲያስሩባት ባለሙያዋን በግራ እጇ ትመታለች፤ አንድ ቀን ወንድሟ ተደብቆ አወለቀላት። ባለሙያዋ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ልጁን ረዳቷ አድርጋ ሾመችው፤ ኳስ ከቀኝ በኩል ብቻ እንዲያቀብል። በአምስተኛው ሳምንት ኳሱን በቀኝ እጇ ነካችው። በሦስተኛው ወር መራመድ ጀመረች፤ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። በ9ኛው ወር ፊቷ ተስተካክሏል፣ ትሮጣለች። ቀኝ እጇ ግን ትንንሽ ነገር ለመልቀም ዛሬም ያንገራግራል።

ከዚህ በላይ የሚድኑ አሉ፤ ያን ያህል የማይድኑም አሉ። ወላጆችን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው፤ የደደሩት ሥሮች አሁንም እዚያው ናቸው፣ በሌላ አወዳደቅ ሌላ ስትሮክ የተከተለባቸው ልጆችም አሉ። ስለዚህ አስፕሪኑን አስቀጥለናል። እናትየው የራስ ቁር ልግዛላት ወይ ብላ ጠይቃኛለች። መራመድ የሚማር ልጅ እንዳይወድቅ ማድረግ እንደማይቻል፣ ከፍታውን መቀነስ ግን እንደሚቻል ነገርኳት፤ ሶፋው ላይ አትቁም፣ አልጋው ዝቅ ይበል። ከወደቀች ደግሞ ብታለቅስም ባታለቅስም እጇንና እግሯን እያዩ ሰዓቱን ይጻፉ፣ አንድ ነገር ካዩ ክሊኒክ ሳይሉ በቀጥታ ወደ እኛ ይምጡ።

ያን ቀን ይቅርታም ጠየቅኋት። አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ግማሽ ላይ አቋረጠችኝ። «ዶክተር፣ እኔ ራሴ እኮ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። እናንተ ደጋግማችሁ ስትጠይቁኝ፣ ሳላያት ሌላ ነገር ደርሶባት ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ልጄን ስለ እሷ ስመረምረው ነበር» አለችኝ። ወንድሟን ማለቷ ነው። ስለ እሱ አላሰብኩም ነበር።

በ11ኛው ወር ሕፃኗ እንደገና ወደቀች። በደጃፉ እርከን ላይ ተደናቅፋ በግንባሯ አረፈች፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። ሁለቱም እጆቿ ማዳመጫዬን ለመንጠቅ እኩል ይታገላሉ። 24 ሰዓት አስተኝተን ተከታተልናት፤ ምንም አልሆነችም። እናትየው ስትገባ አንድ የደብተር ቅጠል ሰጥታኝ ነበር። «10 ሰዓት ከ15፦ ወደቀች። 10 ሰዓት ከ15፦ አለቀሰች። 10 ሰዓት ከ20፦ በቀኝ እጇ ኳስ ያዘች። 10 ሰዓት ከ30፦ በሁለት እግሯ ቆመች።» ከዚያ በታች፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፣ ገና ፊደል በሚለማመድ ልጅ ትልልቅ ፊደላት፣ «ማንም አልጣላትም» ይላል።